በቤተ ክርስቲያን ሰው ተጎድታችሁ የተመለሳችሁ፣ እንዴት ተመለሳችሁ?

የሰኞ ገበያዋ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰንበት ትምህርት ቤት ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት መዝሙር ጥናት፣ እሑድ ቅዳሴ፣ በጥምቀት ታቦት ማጀብ፣ በንግሥ በዓል ሌሊቱን ማኅሌት። ጓደኞቼ ሁሉ እዚያው ነበሩ። ከግቢው ውጪ የማውቀው ሰው አልነበረኝም ማለት እችላለሁ።

ከዚያ ሳላገባ አረገዝኩ። ያስረገዘኝ ልጅ ጥሎኝ ሄደ። ክፍሉ ጠርቶ አነጋገረኝና ከአገልግሎት ታገድኩ። በመታገዴ አልከራከርም፣ ሥርዓት ነው። ደብዳቤው ግን ታናናሾቼ በተቀመጡበት ጉባኤ ላይ ተነበበ። ከዚያ ወዲህ የደወለልኝ የለም። መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ማዶ የሚሻገሩ ነበሩ። አባቴ ያረፈ ጊዜ እድሩ መጣ፣ ጎረቤቱም ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል ድንኳኑን ሞላው። አብረውኝ ከዘመሩት ግን ለቅሶ የደረሰኝ አንድም ሰው የለም። ሌላው ሁሉ ለቆኛል፣ እሱ ግን አልወጣልኝም።

አሁን ልጄ አፍ ፈትታ፣ ነፍስ አውቃ ትጠይቀኛለች። በር ላይ ተሳልመን ስንመለስ «እኛ ለምን አንገባም?» ትለኛለች። መመለስ እፈልጋለሁ። እግዚአብሔርን አልተቀየምኩም። የምፈራው ሰዉን ነው። ገና ከሩቅ ነጭ ነጠላ ሳይ እጄ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ሆናችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ጸሎቱን ሳይሆን ከሰው ጋር እንዴት እንደቻላችሁት።

እማማ ከኮምቦልቻ

አብሽሪ ልጄ። የአባትሽን ነፍስ ይማርልሽ። ያልደረሱሽን ለቅሶ እኔ ዛሬ ደርሼሻለሁ በይው።

እኔ ኮምቦልቻ የመጣሁት በወጣትነቴ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሬ ነው። ትዳሬ ፈርሶ ነበር። በአገሬ ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ይንሾካሾኩ ስለነበር እዚህም ያው ነው ብዬ አሰብኩ። ከግቢው ዳር ከዛፍ ሥር ቆሜ አስቀድስና «እትዉ በሰላም» ሲባል ሹልክ ብዬ እወጣለሁ። ማንም አያውቀኝ፣ ማንንም አላውቅ።

አንድ እሑድ አንዲት ሴትዮ እንስራ ተሸክማ በአጠገቤ ስታልፍ ዳቦው ከእጇ ሊወድቅ ሆነ። «ነይ እስቲ ያዢልኝ» አለችኝ። የሰንበቴ ተራዋ ነበር። ይዤላት ሰንበቴ ቤት ገባሁ። ከየት ነሽ፣ ባል አለሽ ወይ ያለኝ የለም። ዳቦ ተቆርሶ፣ ጠላ ተቀድቶ ተሰጠኝ። በላሁ፣ ወጣሁ። በሚቀጥለው እሑድ ማታ ፈረቃ አድሬ ቀረሁ። በሌላው ስመጣ «ምነው ጠፋሽ? አሞሽ ነበር?» አሉኝ። ይኸውልሽ ልጄ፣ እኔ የዚያን ቀን ነው የተመለስኩት። ቀርቼ የጠየቀኝ ሰው ሲገኝ። ውሎ አድሮ እኔም ተራ ገባሁ። ዛሬ ተራዬ ሲደርስ ልጆቼ ናቸው የሚሸከሙልኝ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በንግሥ በዓል ወይ በትልቅ እሑድ አትጀምሪ። ሰዉ ይበዛል፣ ዓይኑም ይበዛል። በአዘቦት ቀን ጠዋት ለኪዳን ሂጂ። ከአሮጊቶቹ ጎን ቁሚ። ጾም ሲገባ ደግሞ በአዘቦት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፣ ያኔም ግቢው ጸጥ ያለ ነው። ወደዚያው ደብር ካልሆነ ብለሽም አትጨነቂ። ደሴ ደብሩ ብዙ ነው፣ እግዜሩ አንድ ነው።

ዘተዋሕዶ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔ ግን አንድ ነገር ልበል። ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው ለእግዚአብሔር እንጂ ለሰው አይደለም። ሰው ያው ሰው ነው፣ ይበድላል። ዓይንሽን ከሰው ላይ አንሺና መስቀሉን ተመልከቺ። ንስሐ ግቢ፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀበዪ፣ የሰውን ነገር ተዪው። ሰው አየኝ፣ ሰው ተወኝ እያልን ከጸጋው እንዳንርቅ።

የጦሳ ልጅ

ዘተዋሕዶ ወንድሜ፣ በቅንነት እንደጻፍከው ይገባኛል። ግን ይህ ምክር ለተጎዳ ሰው አይበቃም። እኔንም ብዙ ሰው እንዲሁ ብሎኝ ነበር፣ ከመመለስ ይልቅ የበለጠ ነው ያራቀኝ። ሕመሜን ራሱ እንደ ኃጢአት ቆጠሩብኝና።

ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ወንድምህ ቢበድልህ መጀመሪያ ለብቻችሁ ሆናችሁ ውቀሰው፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፣ ለጉባኤ የሚነገረው በመጨረሻ ነው ይላል። በእሷ ላይ የተጀመረው ከመጨረሻው ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት፣ ምዕራፍ 2 ላይ፣ ስለተቀጣው ሰው ምን እንዳለ እንይ። ቅጣቱ ይበቃዋል፣ አሁን ይቅር በሉት፣ አጽናኑትም፣ ኀዘን እንዳይውጠው ነው ያለው። ሁለተኛው ትእዛዝ የት ገባ? ማገዱን ሁሉም ያውቅበታል። ማጽናናቱን ማን ተረከበ?

እህቴ፣ የለቅሶው ነገር ከሁሉም መክበዱ ትክክል ነው። በእኛ አገር የተጣላ እንኳ ለቅሶ ይደርሳል። የመንፈስ ድካም ነው ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ።

የሰኞ ገበያዋ

እማማ፣ እርስዎን እንደ እናቴ ነው የማየዎት። ደጋግሜ አነበብኩት። የጦሳ ልጅ፣ ስለ ለቅሶው ያልከኝ ከልቤ ገብቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ የእመቤታችን ጽዋ ማኅበር አላት፣ በወር በ21። ተራዋ ሲደርስ ዳቦውን የምጋግረው እኔ ነኝ። ጠላውን የምጠምቀው እኔ ነኝ። ማኅበርተኞቹ ሲመጡ ግን ልጄን ይዤ ጓዳ እገባለሁ። ጓዳ ግቢ ያለኝ የለም። ነይ ውጪ ያለኝም የለም። እናቴም ዝም፣ እኔም ዝም። ጸሎቱን በግድግዳ በኩል እሰማለሁ። ልጄ ድምፅ እንዳታሰማ አፏን የያዝኩበት ቀን አለ።

ሌላው የንስሐ አባቴ ናቸው። የቤተሰቡ ሁሉ አባት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቤት ሲመጡ መስቀል ያሳልሙኛል፣ ግን አንድ ቃል አይናገሩኝም። መቀየር ይቻላል? ነውር ይሆንብኛል።

ዲያቆን ዘወሎ

እህቴ፣ ሥርዓቱን በተመለከተ የማውቀውን ልንገርሽ።

ንስሐ በአንቺና በንስሐ አባትሽ መካከል ነው። ካህኑ የሰሙትን ለማንም የመናገር ሥልጣን የላቸውም። የሚሰጡሽም ቀኖና ስግደት፣ ጾም፣ ምጽዋት፣ ጸሎት ነው። መገለል የሚባል ቀኖና አልተሰጠሽም። ጓደኞችሽ አለማነጋገራቸው፣ ለቅሶ መቅረታቸው፣ መንገድ መሻገራቸው የሥርዓት አካል አይደለም። ሰዎች ከራሳቸው የጨመሩት ነው። ይህን ለይተሽ እንድታዪው እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ቤተ ክርስቲያን ጣለችኝ ይላል። ቀኖናሽን ፈጽመሽ ወደ ቁርባን ለመቅረብ የሚከለክልሽ ነገር የለም። ልጅሽም በ80 ቀኗ ተጠምቃ ከሆነ እንደማንኛዋም ሕፃን መቁረብ ትችላለች። የእናቷ ታሪክ በእሷ ላይ አይቆጠርም።

የንስሐ አባት ስለመቀየር፣ በቂ ምክንያት ካለ ይቻላል። ደንቡ ለነበሩት አባት ነግሮ፣ ተሰናብቶ መሄድ ነው። «አባቴ፣ ለመናገር ከብዶኛል፣ ሌላ አባት ዘንድ እንድሄድ ይፍቱኝ» ማለት በቂ ነው፣ ዝርዝር አያስፈልግም። ፊት ለፊት መናገሩ ከከበደሽ እናትሽ ወይም አንድ የምታከብሪው ሽማግሌ ሊነግሩልሽ ይችላሉ። ደግሞም እሳቸው ዝም ያሉት ምን እንደሚሉሽ ጠፍቷቸው ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ አንቺ ብትጀምሪው መልካም ነበር። ግን ግዴታ አይደለም።

እማማ ከኮምቦልቻ

ዲያቆን፣ ጥሩ ብለሃል። አንድ ነገር ግን አልስማማም። ዝም ያሉት አባት ናቸውና መጀመር ያለባቸውም እሳቸው ናቸው። የጠፋችውን በግ ፍለጋ የወጣው እረኛው ነው። ልጂቱ አይደለችም ሸክሙን የምትሸከመው።

ዲያቆን ዘወሎ

እውነትዎን ነው እማማ። ይቅርታ ይደረግልኝ።

የአምባሰሏ

እኔ በሌላ መንገድ ነው የተመለስኩት። በመስከረም 21 ግሸን ማርያም ወጣሁ። ከደሴ ብዙ መኪና ይነሳል፣ ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል። ያንን አቀበት ስትወጪ ከፊትሽ ያለችውን ሴት ማን እንደሆነች አታውቂም፣ ግን እጅሽን ትይዝሻለች። እዚያ ተራራ ላይ ማንም የማንንም ታሪክ አያውቅም። ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር በሶ በጥብጠን ጠጣን፣ አንድ ሸራ ላይ አደርን። ሰው ሁሉ እንዳልከፋ ያየሁት እዚያ ነው።

ግን እውነቱን ልንገርሽ። ግሸን ልብ ይከፍታል፣ ቤት አይሆንም። በማግስቱ ሁሉም ወደየአገሩ ይሄዳል። እማማ እንዳሉት የሚጠይቅሽ ሰው የሚገኘው በሰፈርሽ ነው። እኔም ከግሸን ተመልሼ አንድ ዓመት ያህል መልሼ ጠፋሁ። የጸናሁት አንዲት ጎረቤቴ በየእሑዱ በር እያንኳኳች «ተነሽ፣ እንሂድ» ማለት ስትጀምር ነው።

ከቆቦ የመጣሁት

እኔ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሲመጣ ከቆቦ ሸሽቼ ደሴ ገባሁ። ትምህርት ቤት ነበር ያረፍነው። በለበስኩት ልብስ ነው የወጣሁት። ፍልሰታ ጾም ነበር፣ ልቤ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ ክርስቲያን ይለኛል። ግን ነጠላ የለኝም። ያለ ነጠላ እንዴት ብዬ ልግባ? ከአጥሩ ውጪ ቆሜ ቅዳሴውን ሰማሁ።

አንዲት የደሴ ሴት አየችኝ። ምንም አልጠየቀችኝም። የራሷ ጋቢም ነጠላም ደርባ ነበርና ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችኝ። «የእኔው ነው፣ ነገም ይዘሽው ነይ» አለችኝ። «ወስደሽ ቅሪ» አላለችኝም። እሷ «ነገም» ያለችው ነገር ነው እስከ ዛሬ እዚህ ያስቀመጠኝ። በማግስቱ ላልቀር ሆነ። ቦታ ይዛ ጠበቀችኝ።

ያዘነልኝም አለ። በሌላ ቦታ «ተፈናቃዮች በዚህ በኩል» ተብሎ ተለይተን ቆመን እርዳታ ሲታደል ፎቶ ተነሥተናል። ዱቄቱን ወስጃለሁ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን እዚያ ተመልሼ ጸሎት አላደረስኩም። እህቴ፣ የሚያዝንልሽና የሚቀበልሽ ሰው ይለያያል። የሚያዝንልሽ ሰጥቶሽ ይሄዳል። የሚቀበልሽ ነገ ይጠብቅሻል። የምትፈልጊው ሁለተኛውን ነው።

የሸዋ በሩ

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ በእናንተ ቤት ጉዳይ ገብቼ ለመፍረድ አይደለም። ለቅሶ ድንኳን የሞላው ሙስሊሙም ጭምር ነው ስትዪ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ደሴ በ2014 በተያዘችበት ጊዜ እኛ ቤት ሁለት የክርስቲያን ቤተሰቦች ነበሩ። እናቴ በሽሮ ነበር ቤቱን ያሳለፈችው። ሥጋው ለየብቻ ነው፣ ሽሮው የጋራ ነው። ከእነሱ አንዷ አሮጊት ማታ ማታ ሲጸልዩ እናቴ ልጆቹን «ዝም በሉ፣ እትዬ እየጸለዩ ነው» ትል ነበር።

ጎረቤት ይህን ያህል ከቻለ፣ አብረውሽ የዘመሩት እንዴት አልቻሉም ብዬ አዘንኩ። አላህ ያግራልሽ እህቴ። ልጅሽን አፏን አትያዢያት። ቤቷ ነው።

ናሆም ፒያሳ

እኔ ጴንጤ ነኝ፣ መጻፍ ከተፈቀደልኝ። የደረሰብኝ ሌላ ነው፣ ግን ሕመሙ ተመሳሳይ መሰለኝ።

ባለቤቴ ከወለደች በኋላ በጣም ጨነቃት። አትተኛም፣ ታለቅሳለች፣ ሕፃኑን መያዝ ትፈራለች። እናመልክበት የነበረው ቦታ «እምነቷ ደክሞ ነው» ተባለ። በአምልኮ መሐል አስነሥተው ጮክ ብለው ጸለዩላት። መድኃኒቷን እንድታቆም የነገሯትም ነበሩ። ሐኪሙ የነገረን ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት መሆኑን፣ ብዙ እናቶችን እንደሚያገኝና እንደሚድን ነው። መድኃኒቷን አላቆመችም፣ ደግነቱ። እኛ ግን ከዚያ ቤት ወጣን። ለረጅም ጊዜ የትም አልሄድንም።

የመለሱን አንድ ባልና ሚስት ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ጡረተኞች። ቤታችን መጥተው ስለ እግዚአብሔር ምንም አልተናገሩም። እሳቸው ከእኔ ጋር ቡና ይጠጣሉ፣ ባለቤታቸው ሕፃኑን ያጥባሉ፣ የእኔዋ ትተኛለች። በየሳምንቱ ሐሙስ። በመጨረሻ ባለቤቴ ራሷ «ዛሬ ከመሄድዎ በፊት ይጸልዩልኝ» አለች። እስክትጠይቅ ጠበቁ። አሁን በእነሱ ቤት ትንሽ የጸሎት ኅብረት አለ፣ ሰባት ስምንት ሰው ነን። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ባለቤቴ ዛሬም ደረቷን ያፍናታል። ሳሎኑ ውስጥ ግን ትስቃለች።

ስለዚህ እህቴ፣ በአንዴ ወደ ሕዝቡ መመለስ አይጠበቅብሽም። አንድ ሰው ይበቃል ለመጀመሪያ።

ዘተዋሕዶ

ናሆም፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ። በሃይማኖት እንለያያለን፣ ስለ ባለቤትህ ያልከው ግን ልቤን ነካው።

የጦሳ ልጅ፣ ስለ ቆሮንቶስ መልእክት ያልከውን ሄጄ አነበብኩት። ማጽናናቱም ትእዛዝ መሆኑን እቀበላለሁ። እኔ አሁንም ሥርዓት ይጠበቅ፣ ማገድም ይኑር ነው የምለው። ሥርዓት የሌለው ቤት ልጆችንም አያሳድግም። ግን የሚታገድ ሰው ካለ የሚከታተለው አንድ ሰው አብሮ ይመደብለት ቢባል ምን ይጎዳናል? በየሳምንቱ እየደወለ፣ ቤቱ እየሄደ። ይህን በእኛ ክፍል ስብሰባ ላይ አነሣዋለሁ።

የጦሳ ልጅ

አንሣው። እሱ ብዙ ሰው ያተርፋል።

ነርስ ነኝ

ውይይቱ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ሳይነገር እንዳያልፍ። እዚህ የምታነቡ ብዙ ናችሁ፣ የሁሉም ጉዳት አንድ ዓይነት አይደለም። መገለልና ሐሜት አለ፣ በሽምግልና፣ በይቅርታ፣ በጊዜ የሚሽር። ወንጀል ደግሞ አለ። በአገልግሎት ስም የተደፈረ፣ የተደበደበ፣ ሕፃን ሆኖ የተነካ ሰው ካለ፣ ለእሱ «ይቅር በልና ተመለስ» አይባልም። ሽማግሌ ልኮ ማስታረቅም አይገባም። መጀመሪያ ሆስፒታል ነው፣ ሳይታጠቡ፣ ልብስ ሳይቀይሩ፣ ቢቻል በ72 ሰዓት ውስጥ፣ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ከዚያ ካለፈ አይሠራምና። ሰዓቱ አልፎም ቢሆን ኑ፣ ሌላው ሕክምና አለ። ከዚያ ፖሊስ። መድፈር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚያስቀጣ ነው፣ ያደረገው ማንም ይሁን ማን። ይቅርታ የልብ ጉዳይ ነው፣ ጊዜውን የተጎዳው ሰው ይወስናል። ክስን አያስቀርም።

እማማ ከኮምቦልቻ

አሜን፣ የኔ ልጅ። ይህ በየደብሩ መነገር አለበት።

የሰኞ ገበያዋ ልጄ፣ ስለ ማኅበሩ ስትጽፊ እንቅልፍ አጣሁ። በእጅሽ የጋገርሽው ዳቦ የማርያም ዳቦ ነው። እናትሽም ዝም ያሉት በአንቺ አፍረው ብቻ አይመስለኝም፣ ሰው አንድ ነገር ተናግሮ እንዳያስከፋሽ ፈርተው ሊሆን ይችላል። እናት ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ስለዚህ በድንገት አትውጪባቸው። ቀደም ብለሽ፣ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ «እማዬ፣ በሚቀጥለው ተራሽ ዳቦውን እኔ ላቅርብ?» በያቸው። እሺ ካሉሽ ይዘሽ ትወጫለሽ። አንገትሽን አትድፊ። ከማኅበሩ አንዲት ደግ ሴት አትጠፋም፣ እናትሽ ያውቋታል። አስቀድመው ለእሷ ይንገሯት፣ አጠገቧ ቦታ ትያዝልሽ። እሺ ካላሉሽም አትቀየሚያቸው፣ ትንሽ ቆይተሽ ደግሞ ጠይቂ።

የሰኞ ገበያዋ

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገርኳት። እናቴ መጀመሪያ ዝም አለች፣ ከዚያ ተቆጣች፣ «እኔ መቼ ጓዳ ግቢ አልኩሽ?» አለች። ተላቀስን። ተራችን ገና ነው፣ እስከዚያ አብረን ለኪዳን እንሂድ አለችኝ፣ ሌላ ደብር። ሁለት ጠዋት ሄደናል። ከጎኔ የቆሙት ሴትዮ ለልጄ ከኪሳቸው ቆሎ ሰጧት። ስሜን አልጠየቁኝም።

የቀድሞ ጓደኞቼን በተመለከተ ገና ነኝ። ይቅር ብያቸዋለሁ ለማለት አልደረስኩም፣ መዋሸት አልፈልግም።

ዲያቆን ዘወሎ

አትዋሺ። እሱንም እንዳለ በጸሎት ማቅረብ ይቻላል። መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ስንት ዳዊት ያለቀሰበት፣ የወዳጁን ክዳት የከሰሰበት አለ። 54ኛውን አንብቢው፣ በአዲሱ አቆጣጠር 55ኛው ነው። አብሮ ወደ እግዚአብሔር ቤት ይሄድ የነበረ ወዳጅ ስለከዳው ሰው ነው የሚናገረው። ለልጅሽም የሕፃናት ክፍል አለ፣ ኪዳን በምትሄዱበት ደብር ጠይቂ።

አዲስ ገቢ (ኮምቦልቻ)

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኔ ወንድ ነኝ፣ ለኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ነው ኮምቦልቻ የመጣሁት። በአገሬ በሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ጉዳይ ስሜ በሐሰት ተነሥቶ፣ ነጻ መሆኔ ከተረጋገጠ በኋላም ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው የለም። እዚህ ማንንም አላውቅም። እማማ፣ የእናንተ ሰንበቴ እንግዳ ይቀበላል? ወንድ ብቻውን ቢመጣ ይከብዳል?

እማማ ከኮምቦልቻ

ምን ይከብዳል የኔ ልጅ! ወንዶቹ በአንድ በኩል አሉ። በየትኛውም ደብር ይሁን፣ ከቅዳሴ በኋላ ቶሎ አትውጣ። ሰንበቴ ቤቱ የት ነው ብለህ አንዱን አባት ጠይቅ። ባዶ እጄን ብለህ አትፈር፣ ለእንግዳ ነው የሚዘጋጀው። በየትኛው ሰፈር እንደምትኖር በውስጥ መስመር ጻፍልኝና ከዚያ ደብር የማውቀው ሰው እሑድ በር ላይ እንዲጠብቅህ አደርጋለሁ። ፈረቃህ እሑድ ከሆነም ንገረኝ፣ ቅዳሜ የሚሰበሰቡ አሉ።